የቆይታ ትርጉም በማሳ፣ በዜማና በፊልም

ቆይታ ሲባል በሰዓት የሚለካ የጊዜ ርዝመት ብቻ ይመስላል። ይሁንና አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ረዘመ ወይም አጠረ ተብሎ ከመፈረዱ በፊት፣ ቆይታው በውስጡ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይገባል። ርዝመትን ከድክመት፣ አጭርነትን ከብቃት ጋር ማዛመድ ለሒስ የማይበጅ ሚዛን ነውና።

በፎገራ ሜዳ የምትገኘው የቁሐር ሚካኤል አካባቢ ገበሬ ይህን በሥራው ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ። ለሌላው ሰብል ጥፋት የሆነው የውኃ መተኛት ለሩዝ ሕይወት ነው። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሩዙ ገና ሳይታጨድ ጓያ በርጥበቱ ላይ ይዘራል። ስለዚህ ለገበሬው ቆይታ ባዶ ጥበቃ ሳይሆን የአንዱ ሥራ ፍጻሜ በሌላው ጅምር ላይ የሚደረብበት ሂደት ነው።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ ያልደረሰን ጊዜ፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። ፊደሉ ሳይለወጥ ትርጉሙን የለወጠው በአንዲት ድምፅ ላይ የሚደረግ ቆይታ ነው። የዜማ ሊቃውንት ደግሞ ቆይታን በምልክት አስፍረውታል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ ከሚነገርላቸው ምልክቶች መካከል ይዘት፣ ሂደትና ቁርጥ ይገኙበታል። በአቋቋምም አንዱ ቃል በቁም በዝግታ ይጀመርና በመረግድ አልፎ በጽፋት ይፈጥናል። ቃሉ አንድ ሲሆን ስሜቱን የሚያሳድገው የቆይታው መለዋወጥ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ይህ ሚዛን የሚፈተንበት ሥራ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ሲያዝ የጭሰኛው ቤተሰብ ሲደክም ያሳያል። ካሜራው በእርሻው ላይ ሲዘገይ ተመልካቹ ድካሙን የሚሰማው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በትዕግሥቱም ጭምር ነው። እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ድግግሞሽ ከቀደመው የሚጨምረው የለም፤ በዚያ ስፍራ ቆይታው ትርጉም መሆኑ ቀርቶ ርዝመት ብቻ ይሆናል። በጠቅላላው ሲታይ ግን ፊልሙ ቢያጥር ጭብጡም አብሮ ይቆረጥ ነበር።

ትምህርቱ ለመድረክም ነው። የደቦ ዘፈን ከአጨዳውና ከውቂያው ጋር የሚሄድ፣ ተቀባዩ ሲደክም የሚረግብ፣ ሲበረታ የሚፈጥን ነው። ለመድረክ ሲባል ለጥቂት ደቂቃ ሲታጠር ዜማው ይተርፋል፤ ሥራው ግን ይቀራል። ስለዚህ አዘጋጁ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት የሚቆርጠው ትርፉን ይሁን ነፍሱን ለይቶ ማወቅ አለበት።