ክፍት ቦታውን ማን ይሙላው?

«ክፍት ቦታውን በተስማሚው ቃል ሙላ።» ይህችን ትእዛዝ ያላየ ተማሪ በአገራችን አይገኝም። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ማዘጋጃ እየተባሉ የሚሸጡት የእንግሊዝኛ ጥራዞች ከበድ ያሉ ቃላትን የሚያስተምሩት በአብዛኛው በዚህችው ትእዛዝ ነው። ዓረፍተ ነገር ይሰጣሉ፤ አንድ ቃል ያጎድላሉ፤ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረድራሉ። ከእነዚህ ጥራዞች ጥቂቶቹን ያገላበጥኳቸው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ከሶፍ ዑመር አካባቢ መጥቶ ሮቤ ወይም ጎባ የሚማር ልጅ ምን ያተርፍባቸዋል?

ስልቱን ማጣጣል አልሻም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ጎደሎ ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎች ያቀረበው በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር። አሜሪካዊው ዊልሰን ቴይለር ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. የጽሑፍን ቅለትና ክብደት መዘነበት። ቃልም እንደ ሰው በጓደኛው ይታወቃልና። «የዋሻው በር ጠባብ ቢሆንም ውስጡ ግን ___ ነው» ቢባል፣ አንባቢ «ሰፊ» ለማለት መዝገበ ቃላት አይገልጥም። «ቢሆንም» እና «ግን» አስቀድመው ነግረውታል። ጥሩ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱን የሚያገኘው ያሰበ እንጂ የሸመደደ አይደለም።

ጥራዞቹ የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። «የሰውየው ንግግር ___ ነበር» ዓይነት ጥያቄ ሞልቶባቸዋል። «አሰልቺ»፣ «አስደሳች»፣ «ረጅም»፣ «ግልጽ»፤ አራቱም ይገባሉ! ትክክለኛውን የሚያውቀው ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው የመልስ ገጽ ብቻ ነው። ተማሪውም «ቢ» ወይም «ሲ» ብሎ ፊደሉን ይሸመድዳል። ደግሞም ምንም ሳያውቅ ቢገምት ከአራት አንዱን የማግኘት ዕድል አለው።

ሁለተኛው ጉድለት የቃላቱ ምርጫ ነው። «ኡቢኲተስ»፣ «ኢፌመራል» የመሳሰሉት ቃላት በአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በኤስኤቲ፣ የታወቁ ነበሩ። ያ ፈተና ግን ራሱ ይህን የጥያቄ ዓይነት በ2016 እ.ኤ.አ. ትቶት ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በድንገት እንግሊዝኛ የሚሆንበት የባሌ ልጅ፣ ከዚያ በፊት «አናላይዝ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ሲግኒፊካንት» ያስፈልጉታል። አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦችን ብቻ የያዘ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ቀድሞ አይሠራም።

ሦስተኛው የዓረፍተ ነገሮቹ ዓለም ነው። ስለ ምድር ውስጥ ባቡርና ስለ አክሲዮን ገበያ ያልሰማ ተማሪ ሲሳሳት፣ የከዳው ቋንቋው ይሁን እውቀቱ መለየት አይቻልም። ባሌ ደግሞ ለምሳሌ የሚቸገር አገር አይደለም። የዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን እየሸረሸረ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ሠርቷል፤ ለ«ኢሮድ» ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ከየት ይመጣል? ሼህ ሶፍ ዑመርን ለመዘከር ወደ ሥፍራው የሚጓዘው ምእመን «ፒልግሪም»ን፣ የሳነቴው ቀይ ቀበሮ «ኤንደሚክ»ን ያስረዳሉ። ልጁ ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው የሚቀረው ቃሉን መማር ብቻ ይሆናል።

ነገሩ የቀልድ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማሳበብ አይገባም፤ ይሁንና የሒሳቡም የታሪኩም ጥያቄ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

«ፈተናው ራሱ በምርጫ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» የሚሉ አዘጋጆች እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ብቻ። መፈተኛ ሌላ፣ ማስተማሪያ ሌላ ነው። ሚዛን እህል አያበቅልም። ለመለማመጃ ሲሆን አራቱን ምርጫ ማንሣት፣ ፍንጩን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም ተማሪው በቃሉ የራሱን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጎባና የሮቤ መምህራን፣ ሮቤ ላይ ካለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ተቀምጠው፣ ከአካባቢያቸው የተቀዳ አንዲት ቀጭን ጥራዝ ቢያዘጋጁ፣ ካገላበጥኳቸው ወፍራም ጥራዞች ሁሉ ትበልጥብኛለች።