ከጥራዙ የወጣ ሥዕል

የፋርስ ባለቅኔ ፊርዶውሲ በደረሰው የነገሥታት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የካዩማርስ ታሪክ ይገኛል። ካዩማርስ የመጀመሪያው ንጉሥ ነው፤ ከሕዝቡ ጋር በተራራ ላይ ይኖር ነበር፤ ልብሳቸውም የነብር ቆዳ ነበረ። ይህን ታሪክ ሱልጣን ሙሐመድ የተባለው ሠዓሊ ለንጉሡ ለሻህ ታህማስፕ በታብሪዝ ከተማ በተዘጋጀው ጥራዝ ውስጥ ሥሎታል። ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1520 በኋላ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

ሉኩ ቁመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ ዓይን ግን ቶሎ አይጨርሰውም። ዓለቱን ትክ ብሎ ለተመለከተው የሰውና የአራዊት ፊት በድንጋዩ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል፤ ተራራውም ከክፈፉ አልፎ ወደ ኅዳጉ ወጥቷል። ዱስት ሙሐመድ የተባለው የዚያ ዘመን ጸሐፊ ሠዓልያን በዚህ ሥራ ፊት አንገታቸውን እንደ ደፉ በ1544 ጽፏል። እኛን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚይዘን የንጉሡ ዓይን ነው። ዙሪያው ሁሉ ለምልሞ ሳለ እርሱ አንገቱን አዘንብሎ ልጁን ሲያመክን በኀዘን ይመለከታል። ሲያመክ በጋኔን እጅ ይሞታልና። የዚህ ሥዕል ኀዘን ምክንያቱ ያለው ከእርሱ ቀጥሎ በሚነበበው ታሪክ ነው።

መጽሐፉ 258 ሥዕሎች ነበሩት። በ1568 ለቱርክ ሱልጣን ለዳግማዊ ሰሊም በስጦታ ተላከ፤ በ1903 ደግሞ በፓሪስ በባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ እጅ ታየ። በ1959 አሜሪካዊው አርተር ሆውተን ገዛው። ይህ ሰው መጽሐፍ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ባልገረመን፤ ነገር ግን በ1942 የተከፈተውን የሐርቫርድን የብርቅ መጻሕፍት ቤት በገንዘቡ ያሠራ እርሱ ነው። እርሱው ጥራዙን ፈትቶ 78 ሥዕሎችን ለኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጠ፤ ከሌሎቹም እያወጣ ሸጠ። ካዩማርስም በልዑል ሳድሩዲን አጋ ካን እጅ አልፎ ዛሬ በቶሮንቶ በአጋ ካን ቤተ መዘክር ይገኛል።

መጽሐፉ በመፈታቱ ብዙ ሰው አየው የሚሉ አሉ። ሐሰት አይደለም፤ በነገሥታት ግምጃ ቤት ሳለ ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ብቻውን የቆመውን ሉክ የሚያይ ሰው ንጉሡ ስለ ምን እንዳዘነ ገልጦ ሊያነብ አይችልም። እንዲህ ያለውን ማየት ሙሉ ማየት ነው ለማለት አንደፍርም።

ሆውተን ከሞተ በኋላ በ1994 የቀሩት 118 ሥዕሎች በቪየና አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዴ ኩኒንግ በሣለው በአንዲት ሴት ሥዕል ተለውጠው ወደ ኢራን ተመለሱ። ከእነርሱም ጋር የጽሕፈቱ ሉኮችና የመጽሐፉ ገበታ ቴህራን ገቡ፤ ካዩማርስ ግን አብሮ አልነበረም።