«አቀባባይ»፣ «ኮንታክት»፣ «መሬት»፦ በአንድ ረቂቅ የመኪና መመሪያ የስያሜ አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት የቀረበልን ረቂቅ ትርጉም፣ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ብልሽት ፈልጎ ማግኘትን ለጀማሪ ሠራተኞች የሚያስተምር መመሪያ ነው። ከምዕራፎቹም መካከል የጡሩምባን ሪሌ የሽቦ አዘረጋግና አፈታተሽ የሚያብራራውን ለይተን መርምረናል። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ነገር ግን የስያሜ ሥራ የሚፈተንባቸውን ዋና ዋና ጥያቄዎች አዝሎ ይገኛል። ደግሞም ጡሩምባ ተራ ነገር አይደለም። ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወጣው ዳገት ጉም በወረደ ጊዜ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ከብት የሚነዳ ልጅ መኪናው ሳይታየው አስቀድሞ የሚሰማው ጡሩምባውን ነው።

በመጀመሪያ የተርጓሚውን ድካም እናመሰግናለን። በብረት ላይ ለተጠመጠመው ሽቦ «ጥቅልል»፣ ለአሠራሩም «ብልሽት ፍለጋ» ማለቱ ግልጽና ለአፍ የሚስማማ ነው። «መለከት»ን ትቶ «ጡሩምባ»ን መምረጡም ይደገፋል። በጋራዥ አካባቢ «ክላክስ» የሚባለውም ቃል፣ በመነሻው የንግድ ምልክት የነበረ ሆኖ በጣልያንኛ በኩል የደረሰን ነው። ሁለቱም ሕያዋን ስለሆኑ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ሊይዝ ይገባል።

የመጀመሪያው ተቃውሟችን ሪሌን «አቀባባይ» በማለቱ ላይ ነው። ስያሜው ከዱላ ቅብብል የተወሰደ ይመስላል። የባዕዱ ቃልም ቢሆን የደከመውን ፈረስ በየጣቢያው በትኩስ ፈረስ ከመተካት ልማድ የመጣ ስለሆነ፣ የተርጓሚው ሐሳብ መሠረት የለውም አንልም። ይሁን እንጂ በዚያ ልማድ የሚተላለፈው መልእክቱ እንጂ ፈረሱ አይደለም። በሪሌም ውስጥ እንዲሁ ነው። በተለመደው ባለ 12 ቮልት ሪሌ፣ ነጂው የጡሩምባውን መጫኛ ሲጫን ከ0.2 አምፔር የማይበልጥ ኮረንቲ በ86 እና በ85 ቁጥር መካከል ባለው ጥቅልል ያልፋል፤ ጥቅልሉም ማግኔት ሆኖ መነካኪያውን ይስባል። ያን ጊዜ ከባትሪው ወደ 30 ቁጥር የመጣው ብርቱ ኮረንቲ በ87 ወጥቶ ወደ ጡሩምባው ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹ ኮረንቲ ትልቁን ያዝዘዋል እንጂ ራሱን አያቀብለውም። «አቀባባይ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ግን በ86 የገባው በ87 ይወጣል ብሎ ይጠብቃል፤ በሁለቱ መካከል መተላለፊያ ሲያጣም ደኅናውን ሪሌ «ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል። ሠራተኛው «ሪሌ» ብሎ ከተቀበለው፣ ቃሉን ትተን ፍቺውን ማቃናት ይበቃናል።

ሁለተኛው «ኮንታክት» ነው። ረቂቁ፣ ሪሌው «ቀጭ» እያለ ጡሩምባው ካልጮኸ «ኮንታክቱን መርምር» ይላል፤ ይህንንም ያለው በሪሌው ውስጥ ላሉት መነካኪያዎች ነው። ነገር ግን ቃሉ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከጀመረበት ትርጉም ርቆ፣ መነካካት የማይገባቸው ሽቦዎች ተነካክተው የሚያደርሱት አደጋ ስም ሆኗል፤ ቤት ሲቃጠል «ኮንታክት ነው» ይባላል። እንግዲህ ተማሪው የተላጠ ሽቦ ፍለጋ መኪናውን ሲያገላብጥ ይውላል፤ ጉዳቱ ግን ዝጎ ወይም ጠቁሮ ኮረንቲ የማያሳልፈው መነካኪያ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው «መሬት» ነው። ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አልተረዳነውም። ረቂቁን ይዘን ቡሌ በወጣን ጊዜ፣ ጡሩምባው የተዘጋበት አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ አገኘን፤ ሪሌ የተገጠመለት ቆይቶ ነው። አፉን በጌዴኡፋ ፈትቶ አማርኛን በትምህርት ቤት ያጠና አንድ ለማጅ ምዕራፉን እያነበበ እንዲሠራ ጠየቅነው። «85 ቁጥርን በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኝ፤ ሪሌው ድምፅ ካልሰጠ ለውጠው» ከሚለው ሲደርስ ሽቦውን አስረዝሞ ጫፉን ከጎማው አጠገብ በራሰው አፈር ውስጥ ተከለ። ሪሌው ዝም አለ። ልጁም እንደ ታዘዘው፣ ሪሌው ተበላሽቷልና ይለወጥ ሲል ፈረደ። አስተማሪው ቀረብ ብለው «ማሳ ስጠው እንጂ!» አሉና የሽቦውን ጫፍ ተፍቆ በጠራ የሻንሲ ብሎን ላይ አስነኩት። ሪሌው «ቀጭ» አለ፤ ጡሩምባውም ጮኸ። ስለዚህ ሪሌውም ጡሩምባውም ደኅና ናቸው፤ ብልሽቱ ከ85 ቁጥር ወዲያ፣ ወደ መጫኛው በሚሄደው መስመር ላይ ነው። ሽቦው በመሪው ዘንግ ውስጥ ተበጥሶ ተገኘ።

ልጁ አላጠፋም፤ የተጻፈለትን አማርኛ በትክክል ተረድቶ ፈጽሟል። መኪና በጎማ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የኮረንቲው መመለሻ ብረት አካሉ እንጂ አፈሩ አይደለም። «መሬት» ለቤት ኤሌክትሪክ ይስማማ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያሳስታል። ረቂቁ በሌላ ስፍራ «መሬት ማለት ኔጋቲቭ ነው» ማለቱም አይረዳም፤ በብዙ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበርና።

«ማሳ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በቡሌ ማሳ ቢሉ ገብስ የሚዘራበት እርሻ ነውና ሁለቱ አይጋጩምን? የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይጋጫሉ፤ ነገር ግን ሽቦ ከገብስ እርሻ ጋር የሚታሰርበት ምክንያት ስለሌለ፣ ቃሉን የማያውቅ ለማጅ ቆሞ ይጠይቃል። «መሬት» ግን ከእግሩ ሥር ስላለ ሳይጠይቅ ይታዘዘዋል። ከዚህ ሂስ ሊቀር የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ያልታወቀ ቃል ያስጠይቃል፤ የታወቀ ቃል ያለ ቦታው ሲገባ ግን ሳያስጠይቅ ያሳስታል። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከግእዝና ከአገር ቋንቋ ቃል እናውጣ በሚሉና የገባውን ባዕድ ቃል እንቀበል በሚሉ መካከል ክርክሩ አልተቋረጠም። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም፤ የቃሉ ዳኛ ሥራው ነው እንላለን።

በዚህም መሠረት ለመመሪያውም ለመዝገበ ቃላትም የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሪሌ፦ በትንሽ ኮረንቲ እየታዘዘ የሌላ ብርቱ ኮረንቲን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ።

መነካኪያ፦ በሪሌ ወይም በማብሪያ ውስጥ እየገጠመና እየተለያየ ኮረንቲን የሚያሳልፍና የሚያቋርጥ የብረት ገጽ።

ኮንታክት፦ መነካካት የማይገባቸው ሽቦዎች መነካካት፤ በመነካኪያ ፈንታ አይገባም።

ማሳ (ሁለተኛ ፍቺ)፦ ከባትሪው አንዱ ዋልታ ጋር የታሰረና ለኮረንቲ መመለሻ የሚያገለግል የመኪና ብረት አካል። በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ከመኪናው አካል (ከማሳ) ጋር አገናኝ» ተብሎ ቢጻፍ ይመረጣል።

ረቂቁ እነዚህ ከታረሙለት ሊታተም የሚገባው ነው። ከመታተሙ በፊት ግን ተርጓሚው አንድ ጊዜ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሲነበብ ይስማው፤ ለማጁ እጁን ወዴት እንደሚሰድድም ይመልከት።