በሣጥን የመጣ ጣቢያ

የሞዴል ባቡር ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን «የልጆች መጫወቻ» ብለን እናልፈዋለን። አውሮፓ ውስጥ ግን ይህን መጫወቻ በቁም ነገር የያዙት ጎልማሶችና ጡረተኞች ናቸው። ሐዲድ ይዘረጋሉ፣ ከእንጨትና ከጂፕሰም ተራራ ይሠራሉ፣ ለመንደራቸውም አንድ ባቡር ጣቢያ ይመርጣሉ። ጣቢያው ግድግዳው፣ መስኮቱና ጣሪያው ለየብቻ ሆኖ በሣጥን ይሸጣል፤ ገዢው በማጣበቂያ ይገጣጥመዋል። በእኔ አስተያየት የትኛውን ሣጥን እንግዛ የሚለው ጥያቄ ከሒስ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ደራሲው ምን ጻፈ፣ ምንስ ዘለለ ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ የጣቢያ ሣጥን የሚገዛም ሰው ይህንኑ መጠየቅ አለበት። ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ያመጣችልኝን ሁለት የጀርመንና አንድ የእንግሊዝ ሣጥን ከፍቼ ስመረምር የሰነበትኩት በዚህ መንፈስ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

በዚህ ንግድ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ፋለር ነው። ኤድቪን እና ሄርማን ፋለር የተባሉ ወንድማማቾች በ1946፣ ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን «ጥቁር ደን» በሚባለው ተራራማ አገር ጉተንባኽ በምትባል መንደር አቋቋሙት። ዘመኑን ልብ ይሏል። የጀርመን ከተሞች ጣቢያዎች በቦምብ ተደብድበው ነበር፤ ጣሪያቸው የወደቀ፣ መስታወታቸው የረገፈ፣ ሐዲዳቸው የተጠማዘዘ ብዙዎች ነበሩ። በተከታዮቹ ዓመታት ከዚህች መንደርና እንደ ፎልመርና ኪብሪ ከመሳሰሉት ፋብሪካዎች በሣጥን እየታሸጉ የወጡት ጣቢያዎች ግን አንዲት ጥይት እንኳ ያልነካቸው ናቸው። ክዳናቸው ቀይ ሸክላ፣ ግድግዳቸው በእንጨት ማገር የተጌጠ፣ መስኮታቸው ሥር የአበባ ሣጥን የተደረደረላቸው። (ፎልመርና ኪብሪ ዛሬ ስማቸው እንጂ ባለቤትነታቸው የራሳቸው አይደለም፤ ሁለቱም ፊስማን በሚባል ኩባንያ እጅ ገብተዋል።)

ይህን ስል ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። ከፊቴ ያሉት ሁለቱ የጀርመን ሣጥኖች የእጅ ጥበብን የሚያስከብሩ ናቸው። ግድግዳው በየቀለሙ በፕላስቲክ ተፈልፍሎ ይመጣል፤ ከመስኮቱ ኋላ የሚለጠፍ መጋረጃ የታተመበት ወረቀት ሳይቀር አለው። ቤቱ ባዶ መሆኑን ተመልካች እንዳያይ ነው መጋረጃው! ከአገር ፍርስራሽ መሐል የወጣ ትውልድ ለዓይኑ ዕረፍት ቢሻ ማን ይፈርድበታል? ብቻ ያ ዕረፍት ስንት ነገር ጠቅልሎ ከመጋረጃው ኋላ እንደተወ ማወቅ ይገባል። እመለስበታለሁ።

አስቀድሞ ስለ መጠን ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በዋናው አውሮፓ የተለመደው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው። በዚህ ስሌት ሁለት ሜትር ቁመት ያለው በር 23 ሚሊ ሜትር፣ ሰው ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ማስመሪያ አውጡና በሩን ለኩ። ከቀድሞዎቹ የጀርመን ሣጥኖች ብዙዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይበቃሉ ተብሎ ሆን ተብለው ወደ መቶኛው የተጠጉ ናቸው፤ ሰውዬው በበሩ ለመግባት ማጎንበስ ሊኖርበት ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ ጉዳቸው ሌላ ነው። ሕንፃቸው የሚሠራው 76 ጊዜ አንሶ ሲሆን የሚያቆሙት ግን ለ87ኛው በተበጀ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ዳር ነው። ባቡሩ ለጣቢያው ልክ ነው፣ ሐዲዱ ግን ለባቡሩ ጠባብ። ትክክለኛው ስፋት ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የተጀመረ ስምምነት ሆኖ ቀርቷል።

ሌላው ፈተና ትልቁ ጣቢያ ነው። ፋለር ቦን የተባለውን፣ ፎልመር ባደን-ባደን የተባለውን ጣቢያ አውጥተዋል። በሣጥኑ ሥዕል ላይ ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ። ነገር ግን ዘመናዊ የጀርመን የመንገደኛ ፉርጎ 26.4 ሜትር ነው፤ በሞዴል ሲሆን 30 ሣንቲ ሜትር። አምስት ፉርጎ ያለ ሎኮሞቲቩ አንድ ሜትር ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው። ጠረጴዛው ሁለት ሜትር ለሆነ ሰው ትልቅ ጣቢያ መግዛት ግብር ሳይኖር አዳራሽ መገንባት ነው፤ ባቡሩ ጭራው ዋሻ ውስጥ ሳለ ራሱ ሌላው ዋሻ ይገባል። በነገራችን ላይ በእውነተኛይቱ ባደን-ባደን ከተማ መሐል የነበረው አሮጌ ጣቢያ በ1977 ተዘግቷል፤ ከ1998 ወዲህ የትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ መግቢያ ሆኖ ያገለግላል። በዚያ በር የሚገባው መንገደኛ ሳይሆን የኦፔራ ታዳሚ ነው።

የሕንፃው ሞትና የሣጥኑ ዕድሜ ከሁሉ ይልቅ የሚነጻጸረው እንግሊዝ አገር ነው። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የተባሉት የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር ባወጡት ዘገባ ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና ፌርማታዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረቡ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። እነዚያ የገጠር ጣቢያዎች ሲፈርሱ፣ ወይም ለመኖሪያ ቤት ሲሸጡ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚሸጡት የኤርፊክስ ሣጥኖች በየልጁ ጠረጴዛ ላይ የገጠሩን ጣቢያ እንደገና ያቆሙት ጀመር። ከኤርፊክስ ሥራዎች ስመ ጥር የሆነው የምልክት ቤት የተቀዳው ኦክሃም ከምትባል ከተማ ነው፤ ዋናው ዛሬም በቅርስነት ተጠብቆ ቆሟል፤ የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫም ዳፖል ወደሚባል ኩባንያ ተሸጋግሮ መሥራቱን ቀጥሏል። የአክስቴ ልጅ ያመጣችው የእንግሊዝ ሣጥን ግን ፕላስቲክ ሳይሆን ካርቶን ነው፤ ሜትካፍና ሱፐርክዊክ የታወቁበት ዓይነት። ጡቡ በቀለም ታትሞ፣ መስኮቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ይመጣል። ካርቶኑ ሲታጠፍ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በቡናማ እርሳስ መቀባት ነው። ጡቡም ሲዳሰስ ልሙጥ ነው። ከፕላስቲኩ ይልቅ እኔ የወደድኩት ግን ይህን ነው። ካርቶን ምላጭን አይፈራም፤ በር ማዛወር፣ ግድግዳ ማሳጠር፣ ያላማረንን መስኮት መድፈን ይቻላል። ፕላስቲኩ ግን «እንደታዘዝክ ሥራ» ይላል።

አሁን ወደ መጋረጃው ልመለስ። በየሣጥኑ ሥር፣ ከመመሪያው ጋር ተጣጥፎ፣ ሰሌዳዎችና ማስታወቂያዎች የታተሙበት አንድ ቀጭን ወረቀት ይገኛል፤ የጣቢያው ስም፣ የቲኬት ቢሮ፣ የመጠበቂያ ክፍል ይልበታል። ገዢው ቀድዶ ይለጥፋል። ከሣጥኑ ሁሉ ከባዱ ይህ ወረቀት ነው እላለሁ። ለምን ቢሉ፣ የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች የባቡርን ታሪክ በዘመናት ከፍለውታል፤ ሁለተኛው ዘመን ከ1920 እስከ 1945፣ ሦስተኛው ከዚያ እስከ 1970 ገደማ ነው። በ1890ዎቹ የተሠራ ጣቢያ በሁለቱም ዘመን ያው ሕንፃ ነው። ግንቡም፣ ሰዓቱም፣ በሩም አልተለወጠም። ዘመኑን የሚወስነው ሰሌዳው ብቻ ነው። ካታሎጎቹን ብታገላብጡ ሦስተኛው ዘመን ሞልቶ ተርፏል፤ ሰዉም የሚለጥፈው የሦስተኛውን ሰሌዳ ነው። የሁለተኛውን ዘመን መጨረሻ ግን ሁሉም በለሆሳስ ነው የሚያልፈው።

በርሊን ውስጥ ግሩነቫልድ የሚባል ጣቢያ አለ። መግቢያው የጥንት ቤተ መንግሥት በር ይመስላል፤ በሣጥን ቢሸጥ ገዢ አያጣም። ከ1941 ጀምሮ የበርሊን አይሁድ ወደ ጌቶዎችና ወደ ሞት ካምፖች ከተጫኑባቸው ጣቢያዎች አንዱ ይኸው ነው። በ1998 በ17ኛው ሐዲድ ዳርና ዳር መታሰቢያ ተሠርቶለታል። 186 የብረት ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ፣ የተጫኑት ሰዎች ቁጥርና የተላኩበት ስፍራ ተጽፏል። ይህም ሰሌዳ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው በጠረጴዛው ላይ ይህን ይሥራ አልልም፤ ቢሠራው ራሱ ሌላ ነውር የሚሆንበት መንገድ አለ። የምለው፣ የአበባ ሣጥኑን ሲያጣብቅ ሕንፃው ከ1945 በፊትም ቆሞ እንደነበረ አይርሳ ነው። የሚመርጠው ሣጥንም ሥዕሉን ብቻ እንዲያባዛ የሚያስገድደው ሳይሆን የራሱን ሰሌዳ እንዲጽፍ ቦታ የሚተውለት ይሁን።

«ለእኛስ ለገሃር?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለገሃር በሣጥን ሲሸጥ አላየሁም። በእጅ መሥራት ግን ይቻላል። ጆን አኸርን የተባለው እንግሊዛዊ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቤቶቹን ከካርቶን ቆርጦ የሠራት የማደር ሸለቆ ባቡር ፔንደን በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ዛሬም ትታያለች። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር በ87ኛው መጠን ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። የሕንፃውን ልክ ለማግኘት ደግሞ በሩ አጠገብ ሰው የቆመበት አሮጌ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ ሰውየው 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቀረውን ከእሱ መቁጠር ነው።

የሚያስቸግረው ሰሌዳው ነው። ሕንፃው በ1929 ሲመረቅ ኩባንያው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ነበር፤ በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መሥመር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ ቀጥሎም ጣሊያን ሲገባ፣ ግንቡ ያው ነበር፤ በ1981 ስሙ የኢትዮ-ጅቡቲ ሆነ። ከ2016 ወዲህ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ ከነአካቴው ከከተማው ዳርቻ ስለሚነሣ ወደ ለገሃር ዝር አይልም። እኔ የፊቱን ግድግዳ ከካርቶን ቆርጬ የሰዓቱን ክብ ከፍቻለሁ። ሰሌዳውን በአራት ዓይነት ጽፌ በትንንሽ ካርቶን ላይ ለጥፌአቸዋለሁ፤ ማጣበቂያ አልነካቸውም፣ እያነሣሁ የምቀያይራቸው ናቸው። አራተኛው ምንም ያልተጻፈበት ነው።