የቆሎ ተማሪውና የሁለት ሳምንቱ ተማሪ

የጉዞ ዘገባም ድርሰት ነው፤ ስለዚህ እንደማንኛውም ድርሰት ሂስ ይገባዋል። እዚህ የምንተቸው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት «ኅብረተሰቡን ለማገልገል» ወጥቶ የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚጽፈውን ነው። ጸሐፊው ከባሕር ማዶ መጥቶ ሐይቅ ከተማ ይረፍ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አምባሰል ይውጣ፣ የድርሰቱ አጥንት አንድ ነው። መንገዱ አስቸጋሪ ነበር፤ ሕዝቡ ደግና እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሕፃናቱ በትንሽ ነገር ይደሰታሉ፤ እኔም ብዙ ተማርኩ። አለቀ። ምኑን ተማርክ ቢሉት ግን መልስ የለም።

የዚህ ድርሰት የመጀመሪያው ጉድለት ገጸ ባሕርይ ማጣቱ ነው። በውስጡ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ጸሐፊው። ገበሬው ስም የለው፣ ንግግር የለው፣ ቁጣ የለው፤ ከተራራውና ከሐይቁ ጋር ተደምሮ የአገር ማሳመሪያ ሆኗል። ስንት ጥማድ እንደሚያርስ፣ ዘሩን ከማን እንደተበደረ፣ እንግዳው በመጣበት ሰሞን ጎተራው ሙሉ ይሁን ባዶ የሚነግረን የለም። ይኸ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የፈረንጅ ተማሪ ረጅም ዕረፍቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላል፤ የኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ለገበሬው የእርሻና የአረም ጊዜ ነው፤ የከረመውም እህል የሚሟጠጠው ያኔ ነው። «እንግዳ ተቀባይ» ተብሎ የተመሰገነው ቤት ያንን እንጀራ ከየት አምጥቶ እንዳቀረበ ያልጠየቀ ጸሐፊ ምስጋናው ምን ይረባል?

ሁለተኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። ለዚህ አምባሰል ራሱ መምህር ነው፤ ውጫሌ የሚገኘው እዚያው ነውና። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መጠቀም ቢፈልጉ እንዲችሉ ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። መጨረሻው የ1888ቱ ዓድዋ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያለው ማን ነበር? የተማሪ ዘገባ ጦርነት አያስነሣም፤ አካሄዱ ግን ያንኑ ይመስላል። ገበሬው በአማርኛ የተናገረው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለፕሮፌሰሩ ይሰጣል፤ ማርክም ይታሰብበታል። ተናጋሪው ስለሱ ምን እንደተባለ አያውቅም፤ አንዲት ቃል እንኳ «አይ፣ እንዲህ አላልኩም» ብሎ የሚያርምበት መንገድ የለውም።

«ታዲያ ጊዜው ይርዘማ!» የሚል አይጠፋም። ጊዜ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር፤ አብዛኛው የሄደውም በአስተማሪነት ነው። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ በየገጠሩ አሰማራ። ዘማቹ ፊደል አስቆጥሯል፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬውን አደራጅቷል። ይኸ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ጊዜ ተማሪው የተላከው ሊያስተምር ወይም ሊያነቃ ነው። ከገበሬው የሚማረው ቢኖር በአጋጣሚ ነው እንጂ ታስቦበት አይደለም። ዓመት ሙሉ ከመምህሩ ወንበር ሳይወርድ የሚቀመጥ ሰው ከሁለት ሳምንቱ እንግዳ በምን ይሻላል?

ኢቫን ኢሊች የተባለው የኦስትሪያ ተወላጅ ቄስ በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) ሜክሲኮ ውስጥ ለአገልግሎት ለሚሰማሩ የአሜሪካ ተማሪዎች ባደረገው ንግግር ነገሩን ያለ ርኅራኄ ተናግሮታል። ለመጎብኘትና ለመማር ኑ፤ ለመርዳት ግን አትምጡ፤ ከምትረዱት ሰው ጋር መነጋገር እንኳ አትችሉም የሚል ነው ጭብጡ። እውነቱን ነው። ይሁንና አጭር ጉዞ ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ለአጭር ጊዜ ሄደው አዩ፤ ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው በግቢው ውስጥ አሳዩ። መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገው ረሀብ በተማሪው ዐይን ፊት ተዘረጋ። ለገበሬው ስጦታ ይዘው ሄዱ አይባልም፤ የገበሬውን ጉዳይ ይዘው መጡ እንጂ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በገጠር እየኖሩ ስለመማር ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሜክሲኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት አቋቁመው ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ እየተከላከለ ይዞራል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች የሚማረው ደረሳም የመንደሩን እጅ አይቶ ነው የሚያድረው። ሁለቱም ሰጪው መንደሩ፣ ተቀባዩ ራሳቸው መሆናቸውን በየዕለቱ ያውቃሉ። ያንን ዕውቀት ሆዳቸው ያስተምራቸዋል። የሁለት ሳምንቱ ተማሪም እኮ ከመንደሩ ይቀበላል፦ እንጀራውን፣ ጊዜውን፣ ታሪኩን፣ በመጨረሻም ማርኩንና የምስክር ወረቀቱን። ልዩነቱ ሰጪ ነኝ ብሎ ማመኑ ነው።

ከዘመናዊውም ትምህርት መልካም ምሳሌ አለ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒተሪያን ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እያወጣ ያሠለጥን ነበር። ቡድኑ ሲሄድ ጤና ጣቢያው ይቀራል፤ ሌላ ቡድንም ይተካል። ተማሪውን የሚያርመው ባለሙያም አብሮት ነው። አገልግሎቱ በተማሪው ደግነት ላይ አልተንጠለጠለም።

እንግዲህ ሂሳችን ያለ ሐሳብ እንዳይቀር ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ወደ አንድ ቀበሌ ተማሪ የሚልክ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ ወደዚያው ቀበሌ ይመለስ፤ ዛሬ አምባሰል ነገ ሌላ ቦታ እያለ አይዝለል። ሁለተኛ፣ መምጫውን ሰሞን ገበሬው ይወስን፤ ስንቁም ከተማሪው ይሁን። ሦስተኛ፣ ዘገባው ለፕሮፌሰሩ ከመድረሱ በፊት በአማርኛ ተጽፎ ስለነሱ በተጻፈላቸው ሰዎች ፊት ይነበብ። ሽማግሌው «ውሸት ነው» ካሉ ይታረም፤ እማማም «ስሜን አታንሣ» ካሉ ይሰረዝ። በዚህ ፈተና ያለፈ ድርሰት ቢያጥርም ሰው ይኖረዋል። ለእንዲህ ያለው ገጽ አይጠፋም።