50 ኳስ፣ 7 ነጥብ

ሞያሌን ድንበር ለሁለት ይከፍላታል፤ ከወዲህም ከወዲያም ስፖርት ሲነሳ ወሬው እግር ኳስና ሩጫ ነው። ኬንያ ለእኛ የፖል ቴርጋት አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው የዚያ ታላቅ ሯጭ አገር። ኬንያ ግን ሌላ ዓይነት ባለሙያም አፍርታለች። የሞምባሳ ተወላጁ የአሲፍ ካሪም ሙያ በክሪኬት ሜዳ ኳስ ማሾር ነበር።

ክሪኬትን ለማያውቅ ይህ ይበቃል፦ ወርዋሪው 20 ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን መሬት እያነጠረ ወደ መቺው ይልካል። መቺው መትቶ እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። ከጀርባው የተተከሉት ሦስት ችካሎች ከተመቱ፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ይወጣል። 6 ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። ስፒነር የሚባለው ወርዋሪ በጉልበት አይመካም፤ መሣሪያው ጣቱና አንጓው ነው። 160 ግራም ገደማ የምትመዝነው የቆዳ ኳስ ወገቧን የሚዞር ስፌት አላት። ጣት ያን ስፌት ይዞ ሲያሾራት፣ መሬት ነክታ ስትነሳ አቅጣጫዋን ትቀይራለች።

በዚህ ጥበብ ስማቸው ከገነነው መካከል ፓኪስታናውያን አሉ። አብዱል ቃዲር እ.ኤ.አ. በ1987 ላሆር ላይ በአንድ ዙር 9 የእንግሊዝ መቺዎችን በ56 ነጥብ ብቻ አስወጥቷል። ሳቅላይን ሙሽታቅ ደግሞ «ዱስራ» በተባለችው ኳስ ታወቀ፤ የእጁ አኳኋን ወደ አንድ ጎን የምትዞር ያስመስላታል፣ እሷ ወደ ሌላው ትሄዳለች። የእነሱ ሙያ ማታለል ነው። የካሪም ሙያ መከልከል ነበር፤ እኔ ይህን ይበልጥ እወዳለሁ። ማታለል ለተመልካች ወዲያው ይታያል፤ መከልከልን ለማየት ግን ኦቨር በኦቨር ቁጭ ብሎ መከታተል ይጠይቃል።

ካሪም ለአገሩ ዴቪስ ካፕ ቴኒስም ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ዋንጫ የክሪኬት ቡድኑ አምበል ነበር፤ ኬንያ አምስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፣ እሱም ተሰናበተ። ለ2003ቱ ዋንጫ ተጠርቶ ሲመለስ 39 ዓመቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2003፣ ደርባን። የኬንያ ተጋጣሚ በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈችው አውስትራሊያ ናት። የአውስትራሊያው ብሬት ሊ ገና በጅምሩ በሦስት ተከታታይ ኳሶች ሦስት ኬንያውያንን አስወጣ፤ ኬንያ እንደምንም 174 ነጥብ ላይ ደረሰች። የመምታቱ ተራ ለአውስትራሊያ ደርሶ አዳም ጊልክሪስት በ43 ኳስ 67 ሲያስቆጥር ጨዋታው ያለቀለት መሰለ።

ያኔ ነው ካሪም የሠራው። በግራ እጁ፣ ያለ ችኮላ፣ ሸማኔ መወርወሪያውን እንደሚልክ እየደጋገመ ወረወረ። ኳሷ መቺው ወደፊት ወጥቶ ሊመታት ሲል ታጥራለች፣ ወደኋላ ሲል ደግሞ ትደርስበታለች። አምበሉ ሪኪ ፖንቲንግ ወደ ችካሉ የምትሄደውን ኳስ በእግሩ ከለላትና ወጣ። ዳረን ሌማን ከኋላ በቆመው ተጫዋች ተቀለበ፤ ብራድ ሆግ የመታትን ራሱ ካሪም ቀለባት። ይህ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ሌማንና ሆግ ሁለቱም ግራኞች ናቸው። የግራ እጅ ስፒነር ኳስ ከቀኝ መቺ ትሸሻለች፤ ወደ ግራኝ መቺ ግን ትገባለች፤ ወደ ራስ የምትመጣን ኳስ መምታት ደግሞ ይቀላል ይባላል። ካሪም የሚያዋጣው ከማይመስለው ወገን ሁለቱን አስወጣ።

አውስትራሊያ 5 ሰው አጥታ 117 ላይ ቆመች። ካሪም የወረወረው 50 ኳስ ነው፤ የተቆጠረበት 7 ነጥብ፣ ያስወጣው 3 ሰው። ከኦቨሮቹ 6ቱ ምንም ነጥብ አልተቆጠረባቸውም፤ ማለትም በ36 ኳስ ዜሮ። ከወረወረው ከሁለት ሦስተኛ በላይ መሆኑ ነው፣ ያውም ዋንጫውን ሳይሸነፍ ባነሳው ቡድን ላይ።

አንድሩ ሳይመንድስና ኢያን ሃርቪ በመጨረሻ 178 አድርሰው አውስትራሊያን አሸናፊ አደረጉ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን ከተሸናፊው ወገን ካሪም ነው። ኬንያ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በሕንድ ተሸነፈች፤ ካሪምም ከዚያ ዋንጫ በኋላ ለአገሩ አልተጫወተም። ልጁ ኢርፋን በኋላ የኬንያን ማልያ ለብሷል፤ ቦታው ግን ከችካሉ ጀርባ ሆኖ ኳስ መቅለብ ነው።