የት እንዳረፈች የማትታወቅ ጥይት



ሰሞኑን ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰርግ ተጠርቼ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ። ዳሱ ሞልቷል፣ ፈረሰኞቹ ደርሰዋል፣ ጭፈራው ደርቷል። ታዲያ ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ብቅ ሲል ከዳሱ ጀርባ “ጧ!” አለ። ቀጥሎ “ጧ! ጧ! ጧ!” ግማሹ ሰው እልልታውን አቀለጠው፤ ግማሹ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። እኔ… ያው ከቀባሪዎቹ ነኝ።

አጠገቤ የአንድ ወዳጄ የእህት ልጅ ተቀምጧል። ለዚሁ ሰርግ ብሎ ከሚኒሶታ ነው የመጣው። ተኩሱ ጋብ ሲል ተነሳና ከዳሱ ጀርባ ዞሮ አንድ ቀለህ ይዞ ተመለሰ። አገላብጦ አየው፣ ቂጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

“ጋሼ፣ ይቺ እኮ አትሞላም” አለኝ።

“ምኗ ነው የማይሞላው?”

“ቀለሁ። ብረት ነው። ነሐስ ቢሆን ተመልሶ ይሞላ ነበር።”

እናላችሁ፣ የልጁ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ለካ ጥይት መሙላት ነው! ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ የተኮሰበትን ቀለህ መልሶ ይሞላል። አሜሪካ ውስጥ ለራሱ መተኮሻ ብቻ የሚሞላ ሰው ከፌዴራል መንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ልሽጥ ካለ ግን ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 “ሊ ሎደር” የሚባል፣ በመዶሻ እየተመታ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሌለውም ሰው ነገሩን መጀመር ቻለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። “አገር ጥሎ መሰደድ ለዚህ ነው?” ልለው ሁሉ ዳድቶኝ ነበር። ሲያስረዳኝ ግን ሳቄ እየሳሳ ሄደ።

አንዲት ጥይት አራት ነገር ናት፤ ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ ከፊት የተሰካው አረር፣ እና ከቂጧ ስትመታ እሳት የምታስነሳው ትንሽዬ ቆብ። ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ቆቧም አንዴ ከተመታች አለቀላት። ቀለሁ ግን ይተርፋል። ከአራቱ ብዙ ጊዜ ውዱም እሱ ነው። ስለዚህ ሞይው ቀለሁን ያጸዳል፣ የተሰነጠቀውን ይጥላል፣ ያለቀላትን ቆብ አውጥቶ በአዲስ ይተካል፣ በተኩስ የሰፋውን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ ባሩዱን መዝኖ ያስገባና አረሩን ይሰካል።

የነገሩ ሁሉ ልብ ሚዛኑ ነው። ባሩዱ የሚመዘነው “ግሬን” በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ትሆናለች። ስሟን ያገኘችው ከእህል ፍሬ ነው፤ በጥንት ጊዜ ጥቃቅን ነገር የሚመዘነው በገብስና በስንዴ ፍሬ ነበርና። ልጁ እንግዲህ የዚያችን ፍሬ አንድ አሥረኛ ነው የሚለካው። ባሩዱ በስህተት ሁለት ጊዜ ከገባ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ለጀማሪ የሚነገረው ምክርም እንደ ገዳም ሥርዓት ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ መመሪያ መጽሐፉን ግዛ፤ ከመጽሐፉ አትውጣ፤ ከከፍተኛው ልክ ዝቅ ብለህ ጀምር፤ ጠረጴዛህ ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አታስቀምጥ፤ አታጭስ፤ እየሞላህ ወሬ አታውራ፤ እርሳስ መርዝ ነውና እጅህን ሳትታጠብ አትብላ፤ የሠራኸውን ሁሉ ጻፍ። ልጁም ደብተር አለው። ጥይቶቹ መቼ እንደተሞሉ፣ ስንት ግሬን እንደገባባቸው፣ የት እንዳረፉ ሳይቀር ተጽፏል።

“የት እንዳረፉ?” አልኩት።

“አዎ ጋሼ፣ ዒላማው ላይ።”

ሳላስበው ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። እዚያ ዳስ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ አንድ በአንድ ብትጠይቁ፣ አሁን የተተኮሱት የት እንዳረፉ የሚነግራችሁ አንድ ሰው አይገኝም።

ወሬያችንን በጆሯቸው ሲከታተሉ የቆዩ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። “አባቴ ጠመንጃ ነበረው” አሉ፤ “ጥይቱ ግን አምስት ብቻ ነበር። አምስት ይዞ ወጥቶ አራት ይዞ ከተመለሰ፣ ማታ እሳት ዳር አምስተኛዋ የት እንደገባች ይጠየቃል። ‘ጅብ ነው’ ካለ ጅቡ ይታያል።”

“ጅቡ ከሌለስ ኦቦ?” አላቸው ልጁ።

“ያን ዓመት ዳግመኛ ስለ ጠመንጃ አያወራማ!”

የአዛውንቱ ነገር የባሌ ብቻ ወግ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ጥይት ወደ ሰማይ መተኮስ ማለት የገበያ ገንዘብን ወደ ሰማይ መበተን ነው። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንም አርበኛው አብዛኛውን ጥይት ያገኘው ከጠላት ማርኮ ነው። እዚሁ ባሌ ውስጥ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬትና በግብር በደል የተነሳው፣ የዋቆ ጉቱ ስም የሚነሳበት አመፅ ሲካሄድ፣ መሣሪያው ከሶማሊያ ድንበር ተሻግሮ ነበር የሚመጣው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ጥይት ለጭብጨባ የሚተኩስ ሰው፣ መቼም ጓደኞቹ ዝም የሚሉት አይመስለኝም።

ታዲያ ቁጥሩ የጠፋብን መቼ ነው? አንዱን ቀን መገመት አያቅትም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ክላሹ ከነጥይቱ በየመንደሩ ፈሰሰ። የመጀመሪያዎቹን ከሳሪዎች ለማየት ደግሞ ከሮቤ ብዙም አትርቁም፤ ወደ ዲንሾ፣ ጋይሳይ ሜዳ ሂዱ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። መንግሥት በተለወጠበት በዚያ ወቅት ግን በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ አጋዘኑ በጥይት እየተለቀመ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተደሰትነው፣ ከዚያ የጥይት ሰሞን ተርፈው በተራቡት ነው።

ያቺ ልጁ ያነሳት ቀለህ ብዙ ትናገራለች። የክላሽ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል ነው የተሠራው። ጦር ሜዳ ላይ ቀለህ የሚለቅም ወታደር የለማ! የጦር ሜዳ ጥይት አይቆጠርም። እኛ ደግሞ ይህንኑ ጥይት፣ ከነአለመቆጠሩ፣ ሰርግ ቤት አስገባነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሰርጉ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ሰፈር አንዲት እናት መጡ። ተቀምጠው ቡና ጠጡ፣ ሙሽሮቹን መረቁ። ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሯትን ነገር ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አረር ናት። ያረጀውን የጣሪያ ቆርቆሮ በስታ ገብታ፣ ግድግዳው ሥር ከቆመው የገብስ ጆንያ ውስጥ ነው የተገኘችው። ልጁ አንስቶ በመዳፉ መዘናት።

“8 ግራም። 123 ግሬን” አለ በለሆሳስ።

“ምንድን ነው የሚለው?” አሉኝ እናትየው።

“የእህል ፍሬ እየቆጠረ ነው” አልኳቸው።

“እህሉስ ተርፏል” አሉ። “ከጆንያው አጠገብ የሚተኛው የልጄ ልጅ ነው።”

ቤቱ ጸጥ አለ።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ሰማይ ላይ አይቀርም። ከክላሽ አፈሙዝ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል እየተወረወረች የምትወጣ ጥይት፣ ቀጥ ብላ ወጥታ ስትመለስ ፍጥነቷ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም የሰው ራስ ቅል ለመስበር ይበቃታል። አጋድሎ ለተኮሰ ሰውማ ብዙ ጉልበቷን እንደያዘች ነው ሄዳ የምታርፈው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 ባለው ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወደ አንድ ሆስፒታል ከሰማይ በወረደ ጥይት ተመትተው የመጡ 118 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ 38ቱ ሞተዋል። ከተኳሾቹ ጋር አንዳች ጠብ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

አትሳሳቱ፤ ጋራዥ ገብተን ጥይት እንሙላ እያልኩ አይደለም። የእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዙንና መነገዱን እንኳ ይከለክላል። አሜሪካም ቢሆን ደብተር የሚይዙ ሞይዎች ስላሏት ብቻ ከጥይት ሞት አልዳነችም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ የማያምረውን ነገር ለጨዋታ ያደረገው ሰውዬ እንኳ እያንዳንዷን ጥይት በፍሬ ቆጥሮ ሲመዝን፣ “ክብሬ ነው፣ ባህሌ ነው” የምንለው እኛ ስንት እንደተኮስን አናውቅም። አዛውንቱ አባት ዘንድ የጠመንጃ ክብር የሚባለው መልስ መስጠት ነበር፤ አምስተኛዋ የት ገባች ሲባል። መልሱ ሲወጣለት የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ አገሩ የእውነት ተኩስ ሰምቷል፤ ሰርግ ይሁን ግጭት ለመለየት ልጇን አቅፋ ጆሮዋን የምትቀስር እናት ባለችበት አገር፣ ጩኸቱም የደስታ መሆኑ ቀርቷል።

ባህል ከተባለስ፣ የአርሲና የባሌ ኦሮሞ ሲንቄ አለው አይደል? ሴቶች ያንን በትር ይዘው በሁለት ጠበኞች መሐል ሲቆሙ የተነሳ እጅ ይወርዳል። አንዲት ጥይት ሳትጮኽ ሰው የሚከበርበት ባህል ያለው ሕዝብ፣ ሙሽራ ለማክበር ክላሽ የሚበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

እኒያ እናት ሲንቄ አልያዙም ነበር፤ የሠሩት ግን ያንኑ ሥራ ይመስለኛል። ሊወጡ ሲሉ አረሯን ወደ ሙሽራው አባት ገፋ አድርገው፣

“ያዙ” አሏቸው። “ዕቃችሁ እኛ ቤት ቀርቶ ነበር።”

ሰላም ሰንብቱ።